መብራት ሲመለስ ኡቡንቱ ለምን ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል? ለደሴው ጠያቂ ስለ ኤፍኤስታብ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው (ኤፍኤስታብ ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሣ የትኛው ዲስክ የትኛው ፎልደር ላይ እንደሚገጠም የተጻፈበት ፋይል ነው)፦ «ደሴ ውስጥ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ ሲስተሙ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ነው፣ ሥራ የማስቀምጥበት ደግሞ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ውስጡ አለ። ኮምቦልቻ ካለው ኤዲተር ጋር የምንቀባበለው 1 ቴራ ኤክስተርናል አለኝ፤ እሱ ዊንዶውስ ስለሚጠቀም ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ነው። ኤፍኤስታብ ላይ የውስጡን /ዴቭ/ኤስዲቢ1፣ ኤክስተርናሉን /ዴቭ/ኤስዲሲ1 ብዬ ጻፍኩ። ኤክስተርናሉ ኮምቦልቻ እያለ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ኢመርጀንሲ ሞድ የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ጓደኛዬ ‹ኖፌል ጨምርበት› ብሎኝ ጨመርኩ፤ አሁን ይነሣል፤ ግን አንዳንድ ቀን ፎልደሩ ውስጥ የድሮ ፎቶዎች የሉም፣ ኤስኤስዲውም ሞልቷል ይለኛል። ዲስኩ እየሞተ ነው? ፎርማት ላድርገው?»

ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር። ከነገርከን ውስጥ ዲስኩ እየሞተ ነው የሚያሰኝ አንድም ነገር የለም። ፎርማት እንዳታደርግ። የጠፉ የመሰሉህ ፎቶዎችም ያሉበት ይታወቃል፤ ወደ እነሱ እንመጣለን። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ተይባቸው። በትልልቁ የሚጻፉት ኤፍኤስታብ ውስጥ ዩዩአይዲ የሚለው ቃልና ቻዎን የሚለው ትዕዛዝ ላይ ያለው -አር ብቻ ናቸው፤ የዩዩአይዲውን ቁጥር ራሱን ግን እንደታየህ ቅዳው።

መጀመሪያ የሆነውን ነገር እንረዳ። /ዴቭ/ኤስዲቢ የዲስክ ስም አይደለም፤ የወንበር ቁጥር ነው። ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣ ሚኒባስ «ከሾፌሩ ኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ላለው ሰው ይህን እቃ ስጥልኝ» ብለህ ብትልክ፣ እቃው የሚደርሰው ቀድሞ ገብቶ ለተቀመጠው ሰው ነው። ከርነሉም (የሲስተሙ እምብርት) እንዲሁ ቀድሞ ላየው ዲስክ ኤስዲኤ፣ ለቀጣዩ ኤስዲቢ፣ ለሦስተኛው ኤስዲሲ እያለ ያድላል። ዲስኮቹን የሚፈልገው ጎን ለጎን ስለሆነ የትኛው ቀድሞ እንደሚመልስ በየቀኑ ይለያያል። ኤክስተርናሉ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲበራ አንዳንዴ ኤክስተርናሉ ኤስዲቢ ይሆንና የውስጡ ወደ ኤስዲሲ ይገፋል።

አሁን ሁለቱን ችግሮችህን ከዚህ ጋር አገናኛቸው። ኤክስተርናሉ ኮምቦልቻ በነበረበት ቀን ኤስዲሲ1 የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። ሲስተምዲ (ኡቡንቱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) መስመሩን አንብቦ ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠበቀ፤ ሲያጣው «ኤፍኤስታብ ላይ ያለ ዲስክ ሁሉ ግዴታ ነው» ብሎ ስለሚያስብ መነሣቱን አቁሞ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ አስገባህ። መብራቱ ዲስክ አላበላሸም፤ ያደረገው ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሣት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመጣው ከኖፌል ነው። ኖፌል ማለት «ይህ ዲስክ ባይገኝ ወይም ባይገጥም ዝም ብለህ እለፍ» ነው። ወንበሩ በተቀያየረበት ቀን ሲስተሙ ኤንቲኤፍኤስ የሆነውን ዲስክ «ኢኤክስቲ4 ነው» (የሊኑክስ ፎርማት ነው፣ የውስጡ ዲስክህም እሱ ነው) ብሎ ሊከፍት ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ በኖፌሉ ምክንያት በዝምታ አለፈ። ፎልደሩ ግን አለ። ዲስክ ያልተገጠመበት ፎልደር ኤስኤስዲው ላይ ያለ ተራ ባዶ ፎልደር ነው፤ የዚያን ቀን የገለበጥካቸው ፎቶዎች በሙሉ እዚያ ውስጥ ገቡ፣ ኤስኤስዲውም ሞላ። ዲስኩ በትክክል በገጠመበት ቀን ደግሞ የድሮዎቹ ይታዩና ከሥር ያሉት ይሸፈናሉ። ጓደኛህ የነገረህ ስህተት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ቀሪውን ግማሽ ብዙ ጊዜ የሚጽፍ የለም፣ እኔም ረዘም አድርጌ የምመልሰው ለዚሁ ነው።

ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት የተሸፈኑትን ፎቶዎች አውጣ። ዲስኩን ሳትነቅል ከሥሩ ያለውን ማየት ይቻላል፦

ሱዶ ኤምኬዲር /ኤምኤንቲ/ስር
ሱዶ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ስር

ባይንድ ሲባል ኤስኤስዲው ራሱ፣ ሌሎቹ ዲስኮች ሳይደረቡበት፣ በሌላ በር እንዲታይ ማድረግ ነው። ፎልደርህ /ኤስአርቪ/ፎቶ ከሆነ /ኤምኤንቲ/ስር/ኤስአርቪ/ፎቶ ውስጥ ግባ፤ የጎደሉት እዚያ ናቸው። መጠናቸውን በ«ሱዶ ዲዩ -ኤስኤች» አይተህ፣ የ2 ቴራው ዲስክ በትክክል መገጠሙን «ፋይንድኤምኤንቲ /ኤስአርቪ/ፎቶ» በሚለው አረጋግጥ። መልስ ካልሰጠ ዲስኩ አልተገጠመምና እንዳትገለብጥ። ከሰጠ፣ በ«ሱዶ አርሲንክ -ኤ» ወደ ዲስኩ ውስጥ ለብቻው ወደተከፈተ አዲስ ፎልደር ገልብጥ። በነባሮቹ ላይ አትደርብ፤ ካሜራ የፋይል ቁጥር ይደግማልና አንዱ ሰርግ ሌላውን ይውጠዋል። የተወሰኑትን ከፍተህ ካየህ በኋላ ከሥር ያሉትን አጥፋና «ሱዶ ዩማውንት /ኤምኤንቲ/ስር» በል። ትዕዛዙ ዩማውንት ነው፣ ከዩ ቀጥሎ ኤን የለውም፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደናቀፋል።

ወደ ስም እንሂድ። «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ብትል እያንዳንዱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዩዩአይዲው ስንት እንደሆነ፣ የት እንደተገጠመ በአንድ ሠንጠረዥ ያሳይሃል። ዩዩአይዲ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ የሚጻፍበት መታወቂያ ነው፤ ወንበር ቢቀየር፣ ገመድ ቢቀየር፣ ኮምፒውተር እንኳ ቢቀየር እሱ አይለወጥም። የኢኤክስቲ4 ዩዩአይዲ 32 ምልክት በ4 ሰረዝ የተከፈለ ነው፤ የኤንቲኤፍኤስ 16 ምልክት ያለ ሰረዝ፤ የፋትና የኤክስፋት 8 ምልክት በአንድ ሰረዝ ነው። ርዝመቱን ብቻ አይተህ የተሳሳተውን እንደቀዳህ ታውቃለህ። ሁለት ነገር አስታውስ፦ ፎርማት ካደረግህ ዩዩአይዲው ይለወጣል፤ ዲስኩን ዲዲ በሚባለው ትዕዛዝ እንዳለ ከገለበጥክ ደግሞ ሁለቱ ዲስኮች አንድ መታወቂያ ይይዛሉ፣ እነዚያን አብሮ መሰካት መልሶ የወንበር ችግር ውስጥ ይከትሃል።

ኤፍኤስታብን ከመንካትህ በፊት ቅጂ ያዝ፦

ሱዶ ሲፒ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ.የድሮ
ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ

እያንዳንዱ መስመር 6 ክፍል አለው፦ የትኛው ዲስክ፣ የት ይገጠም፣ ዓይነቱ፣ አማራጮቹ፣ ከዚያ ሁለት ቁጥሮች። ክፍሎቹን የሚለያያቸው ክፍት ቦታ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን በኮማ ስታያይዝ ከኮማው በኋላ ክፍት ቦታ ከተውክ መስመሩ 7 ክፍል ይሆናል፤ «ትክክል ጽፌ አልሠራ አለኝ» ከሚባለው ብዙው ይህ ነው። የፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በቦታው \040 ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ይልቅ ግን ክፍት ቦታ የሌለው አጭር የላቲን ስም ስጠው። መግጠሚያውን በአማርኛ መሰየም ክልክል አይደለም፤ ሆኖም ሲስተምዲ ስሙን ወደ ቁጥር ፈትቶ ስለሚጽፈው ችግር ሲመጣ መዝገቡ ላይ ማንበብ ጭንቅ ነው።

የውስጡ 2 ቴራ መስመር እንዲህ ይሁን፦

ዩዩአይዲ=ያንተ-ቁጥር /ኤስአርቪ/ፎቶ ኢኤክስቲ4 ዲፎልትስ,ኖፌል,ኤክስ-ሲስተምዲ.ዲቫይስ-ታይምአውት=10ኤስ 0 2

ዲቫይስ-ታይምአውት ጥበቃውን ከ90 ሰከንድ ወደ 10 ያወርደዋል። የመጀመሪያው ቁጥር፣ 0፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት የድሮ ባክአፕ ምልክት ነው። ሁለተኛው የፍተሻ ተራ ነው፦ 1 ሲስተሙ ላለበት ፓርቲሽን ብቻ፣ 2 ለሌሎች፣ 0 አይፈተሽ። ቦታ ቦታው ላይ «ኖአታይም ጨምር፣ ይፈጥናል» የሚል ምክር ታያለህ። ብትጨምረው አይጎዳም፤ ግን ከ2009 ጀምሮ ከርነሉ በራሱ ሬልአታይም (ፋይል የተነበበበትን ጊዜ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመዘግብ አማራጭ) ስለሚጠቀም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ኢኤክስቲ4 ላይ ዩአይዲ=1000 የሚባል አማራጭ እንዳትጽፍ። ያ ለኤንቲኤፍኤስና ለፋት ነው። ኢኤክስቲ4 የፋይሉን ባለቤት ራሱ ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ አማራጩን አያውቀውም፤ «የተሳሳተ ዓይነት ወይም አማራጭ ወይም የተበላሸ ሱፐርብሎክ» የሚል አስደንጋጭ መልእክት ያወጣል። ሱፐርብሎክ (የዲስኩ ዋና መዝገብ) የሚለውን አንብቦ ጤነኛ ዲስክ ፎርማት ያደረገ ጥቂት አይደለም። ፎልደሩ ላይ መጻፍ ከተከለከልክ መፍትሔው፣ ዲስኩ ከተገጠመ በኋላ፣ አንድ ጊዜ «ሱዶ ቻዎን -አር ስምህ:ስምህ /ኤስአርቪ/ፎቶ» ማለት ነው። ከመገጠሙ በፊት ካልከው የሚቀየረው የባዶው ፎልደር ባለቤት ነው፣ ዲስኩ እንዳለ ይቆያል።

የኤክስተርናሉ መስመር ይለያል፣ ምክንያቱም ይሄ ዲስክ መንገደኛ ነው፦

ዩዩአይዲ=የሱ-ቁጥር /ኤስአርቪ/ኮምቦልቻ ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ኖአውቶ,ኖፌል,ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት,ኤክስ-ሲስተምዲ.ዲቫይስ-ታይምአውት=10ኤስ,ኤክስ-ሲስተምዲ.አይድል-ታይምአውት=60ኤስ,ዩአይዲ=1000,ጂአይዲ=1000,ዲማስክ=022,ኤፍማስክ=133,ዊንዶውስ_ኔምስ 0 0

(ሁለቱን መግጠሚያዎች እዚህ በፊደላችን ብጽፋቸውም አንተ ግን ከላይ እንዳልኩት በላቲን ሰይማቸው።) አውቶማውንት ያለው ዲስክ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አይጠበቅም፤ ፎልደሩን ስትከፍት ያኔ ይገጠማል፣ 60 ሰከንድ ሳይነካ ሲቆይ ራሱ ይፈታል። ዲስኩ በሌለበት ብትከፍተው 10 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት ይመልሳል እንጂ ባዶ ፎልደር አያሳይህም፤ ስለዚህ ወደ ኤስኤስዲው በስህተት የሚገባ ነገር የለም። 1000 የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ያንተን «አይዲ» በሚለው ትዕዛዝ እይ። ዊንዶውስ_ኔምስ ደግሞ ዊንዶውስ የማይቀበለውን ስም ከምንጩ ይከለክልልሃል። ሊኑክስ ላይ «ሰርግ 8:30» ብለህ ፎልደር ብትሰይም ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ሁለት ነጥቡ የተነሣ ዊንዶውስ አይከፍተውም።

ከስም ጋር በተያያዘ በአማርኛ የሚሰይም ሰው ብቻ የሚያጋጥመው አንድ ችግር አለ። ኢኤክስቲ4 ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ያለህ 85 ፊደል ብቻ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ግን የሚቆጥረው በሌላ መለኪያ ስለሆነ 255 ፊደል ድረስ ይቀበላል። ኤዲተሩ የሙሽሪትንና የሙሽራውን ሙሉ ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ደርድሮ የሰየመው ቪዲዮ ወደ ውስጡ ዲስክ ሲገለበጥ «ስሙ በጣም ረዝሟል» ተብሎ ይቀራል፤ ሌሎቹ ስለሚያልፉ አንድ መጉደሉን ላታስተውል ትችላለህ። ለግሸን የሄድክበትን «ግሸን_መስከረም_21» ማለት ይበቃል።

ኤክስተርናሉ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ የሚከለክል ከሆነ ምክንያቱ ዊንዶውስ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ፤ ሹትዳውን ስትለው ግማሹን እንቅልፍ ውስጥ ያስገባዋል፣ በወቅቱ ተሰክቶ የነበረ ዲስክም «ሥራ ላይ ነኝ» እንዳለ ይቀራል። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ ያንን ምልክት ሲያይ ፋይል እንዳያበላሽ ለማንበብ ብቻ ይከፍታል። ለኤዲተሩ ንገረው፦ ከመንቀሉ በፊት ዲስኩን ኢጀክት ያድርግ፤ እምቢ ካለው ሪስታርት አድርጎ ይንቀል፣ ሪስታርት በሙሉ ይዘጋልና። ኢንተርኔት ላይ የሚመከረው ኤንቲኤፍኤስፊክስ ምልክቱን ያነሣል እንጂ ሙሉ ጥገና አያደርግም፤ እውነተኛው ፍተሻ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ቼክዲስክ /ኤፍ ነው። ምልክቱን በጉልበት ማንሣት የመጨረሻ አማራጭ ይሁንልህ።

አሁን ያ ቀሪው ግማሽ፣ ማለትም ባዶውን ፎልደር መቆለፍ። ዲስኩ ተፈትቶ ሳለ ሥራው፦

ሱዶ ዩማውንት /ኤስአርቪ/ፎቶ
ሱዶ ቻተር +አይ /ኤስአርቪ/ፎቶ

ይህ ባዶውን ፎልደር ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) እንኳ ምንም እንዳይጽፍበት ያደርገዋል። ዲስክ መገጠም ግን ይችላል፤ ሲገጠም የሚታየው የዲስኩ የራሱ ፎልደር ስለሆነ ቁልፉ አይነካውም። ዲስኩ ባልገጠመ ቀን ካርድ ልትገለብጥ ብትሞክር ወዲያው ይከለክልሃል፣ አንተም ዲስኩ አለመኖሩን ያኔውኑ ታውቃለህ። ዩማውንቱ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ካለ «ሱዶ ፊውዘር -ቪኤም /ኤስአርቪ/ፎቶ» የያዘውን ፕሮግራም ይነግርሃል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ተርሚናልህ እዚያ ፎልደር ውስጥ ቆሞ ነው።

ኮምፒውተሩን ሪስታርት ከማድረግህ በፊት የጻፍከውን አስፈትሽ፦

ሱዶ ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ
ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ
ሱዶ ማውንት -ኤ

የመጀመሪያው የፊደል ስህተትን፣ የሌለ ዩዩአይዲን፣ የማይዛመድ ዓይነትን ይናገራል። ሁለተኛው አይቀርም፤ ሲስተምዲ ኤፍኤስታብን አንብቦ የራሱን ፋይሎች ስለሚሠራ ካልታዘዘ በድሮው ይቀጥላል። ሦስተኛው የሚገጥመው ያልተገጠሙትን ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የተገጠመውን አይነካም፣ ስለዚህ ዲስኩን ሳትፈታ «ማውንት -ኤ ዝም አለ፣ ትክክል ነው» እንዳትል። ኖአውቶ ያለበትን ኤክስተርናልም ይዘለዋል፤ እሱን «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሎካል-ኤፍኤስ.ታርጌት» ብለህ ፎልደሩን በመክፈት ሞክረው።

ወደፊት እንደገና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ብትገባ ፓስዎርድ ሰጥተህ ወይም ኢንተር ተጭነህ ግባ፤ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» በል፤ በናኖ ኤፍኤስታብን ከፍተህ ችግር ያመጣው መስመር መጀመሪያ ላይ # አድርግበት፤ ኮንትሮል ኦ፣ ኢንተር፣ ኮንትሮል ኤክስ፤ ከዚያ ሪቡት። 5 ደቂቃ የማይፈጅ ነው። ኡቡንቱን እንደ አዲስ ለመጫን የሚያበቃ ነገር የለበትም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ኢኤክስቲ4 ጆርናል (ለውጡን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻ) ስላለው ድንገት ሲቋረጥ ሲነሣ በሰከንዶች ራሱን ያስተካክላል። የሚጠፋው ገና ዲስክ ያልደረሰው ነው። የመገልበጫው መስመር ሞልቶ ቢዘጋም መጨረሻ ላይ ያለው መረጃ እስከ 30 ሰከንድ ገደማ ሚሞሪ ላይ ሊቆይ ይችላል። የካሜራ ካርድ ፎርማት ከማድረግህ በፊት ተርሚናል ላይ «ሲንክ» ብለህ እስኪመለስ ጠብቅ፤ በጥር ሰርግ በሰርግ ላይ በሚደራረብበት ወቅት ይህች አንዲት ቃል ዋጋ አላት። ኤፍኤስታብ ውስጥ ሲንክን እንደ አማራጭ መጻፍ ግን አልመክርም፣ መጻፉን ሁሉ ያንቀራፍፈዋል። ገንዘቡ ካለህ ከማንኛውም አማራጭ የሚበልጠው ዩፒኤስ ነው፣ ኤክስተርናሉንም ጭምር የሚይዝ።

አንድ ትርፍ ነገር ደግሞ፦ ኢኤክስቲ4 ከዲስኩ 5 በመቶውን ለሩት ይይዛል። በ2 ቴራህ ላይ ያ 100 ጊጋ ገደማ ነው፣ ለፎቶ ማስቀመጫ ደግሞ ትርጉም የለውም። «ሱዶ ቲዩን2ኤፍኤስ -ኤም 1» ብለህ የፓርቲሽኑን ስም ስትጨምርበት ወደ 20 ጊጋ ይወርዳል፤ ያለው ፋይል አይነካም። ኤስኤስዲው ላይ ግን እንዳታደርገው፤ ሲሞላብህ ሲስተሙ እንዳይወድቅ ያደረገልህ ያ 5 በመቶ ነው።

ሁሉንም ከጨረስክ በኋላ ፈተናው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ኤክስተርናሉን ንቀል፣ አብራ፤ ሳይቆም መነሣት አለበት። ከዚያ አጥፍተህ የውስጡን ዲስክ የዳታ ገመድ ንቀልና አብራ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሳይዘገይ ተነሥቶ፣ /ኤስአርቪ/ፎቶ ውስጥ «ተች ሙከራ» ስትል ሊከለክልህ ይገባል። ከፈቀደልህ ቁልፉ አልተደረገም ማለት ነው። ገመዱን መልሰህ ሁለቱንም ዲስኮች ሰክተህ ሦስት አራት ጊዜ አስነሣው፤ «ፋይንድኤምኤንቲ /ኤስአርቪ/ፎቶ» በየጊዜው አንዴ ኤስዲቢ1፣ አንዴ ኤስዲሲ1 ቢልህ አትደንግጥ፤ ወንበሩ ይቀያየራል፣ የተቀመጠው ግን ያው የ2 ቴራው ዲስክ ነው። ያልሠራ ካለ የ«ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ»ን፣ የ«ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ»ን መልስና የኤፍኤስታብህን ሁለት መስመሮች እዚሁ ለጥፍልን።